ጭቃ የማያውቅ ኮምፒውተር

ደህና የሚሄድ መኪና ካልነካካ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው አማቼ ነው፤ ደከመኝ። የሞተሩን ኮምፒውተር በሌላ ቀይሮ፣ ጎማ ሲንሸራተት ጉልበት እንዲቀንስ በላፕቶፕ አስተካከለው። የሞከረው ግን ደብረ ማርቆስ አስፋልት ላይ ነው።

ክርስትና የማነሳት ሕፃን ይጁቤ ከተማ እየጠበቀችኝ፣ ጭቃማው ዳገት ላይ አንድ ጎማ በተንሸራተተ ቁጥር ሞተሩ ይለግም ጀመር።

«እማማ፣ እርስዎም እንደ ሌሎቹ ወረድ ብለው ገፋ ያድርጉ» አለኝ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ።

ገፋን፤ አልወጣም።

«አንድ ጎማ ባጠፋ ሁላችን የምንቀጣው በየት አገር ፍርድ ነው? ጭቃ ላይ ትንሽ ሳይንሸራተት የወጣ ማን አለ? ተወው፣ ይንሸራተት!» አልኩት።

በላፕቶፑ የመንሸራተቱን ገደብ አላላው። መኪናው ጭቃውን እላያችን ረጭቶ ወጣ።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ቄሱ ሕፃኗንም እኔንም አዩና፣ «የምናጠምቀው ማንን ነው?» አሉ።