የወፉ ዳስና የእኔ ብፌ

ወንድ ልጅ ሊያገባ ሲነሳ የሚይዘው ፍርሃት ስም አልወጣለትም። ሆድ ቁርጠት ነው እንዳልል፣ በቁርጠት መድኃኒት አይለቅም፤ ሞክሬዋለሁ። ከዚህ ጣጣ ያመለጠ ፍጡር ያለ መስሏችሁ ከሆነ ደግሞ ተሳስታችኋል። አውስትራሊያ ውስጥ አንድ ወፍ አለ፤ በስልኬ ያየሁት ነው። ይህ ምስኪን ሴቷን ለማማለል መሬት ላይ ከጭራሮ ዳስ ይሠራል፤ ውስጡን በፍራፍሬ ጭማቂ ይቀባል፤ ደጁ ላይ ሰማያዊ የሆነ ነገር ሁሉ ይደረድራል፤ ላባ፣ አበባ፣ የጠርሙስ ክዳን። ሲያጥረው ከጎረቤቱ ይሰርቃል። እሷ መጥታ ስትጎበኝ ይጨፍርላታል። ትንሽ ካበዛው ደንግጣ ትበራለች። ያ ሁሉ ልፋት፣ እልም!

ሳቅሁበት። ሳቄ ግን አልቆየም፤ ስንዱ ከሞጣ ደወለች። ስንዱ ላገባት የምፈልጋት፣ ሞጣ ልብስ የምትሰፋ ልጅ ናት። «ቅዳሜ ከአክስቴ ጋር ቤትህን ልናይ እንመጣለን» አለችኝ። ያሳደጓት አክስቷ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ እሳቸው እምቢ ካሉ አለቀ ደቀቀ።

እዚህ ቢቸና የምኖርባት ቤት አንድ ክፍል ናት። ባለ መስታወት ብፌ ገዛሁ፤ ማቆሚያ ሳጣ የጓሮውን በር አስደግፌ ገተርሁት። ሰማያዊ መጋረጃ፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ አበባ፣ ብልጭ ድርግም የሚል ሰማያዊ መብራት ጨመርሁ። ከወፉ የቀዳሁ እንዳይመስላችሁ፤ ስንዱ ሰማያዊ ትወዳለች። ምንጣፉን ግን ከጎረቤት ተውሻለሁ።

ቅዳሜ መጡ። እትዬ ጥሩወርቅ ብፌውንም መብራቱንም ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ዓይናቸው ግድግዳ ግድግዳውን ዞረና፣ «ልጄ፣ ይሄ ቤት በሩ አንድ ብቻ ነው?» አሉኝ።

«የጓሮም አለው እትዬ፤ ብፌው ሸፍኖት ነው።»

«ለምን ሸፈንኸው?»

«ቤቱ እንዲያምር ብዬ።»

«የዚች ልጅ እናት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ባሏ በተቆጣ ቁጥር አንዷን በር ይዞባት፣ የምትሸሽበት አጥታ ኖራ ሞተች። እኔ መውጫ ለሌለው ቤት ልጅ አልሰጥም።»

ስንዱን ሳያት ፊቷ ልውጥውጥ ብሏል። ለካ የምፈራው እኔ ብቻ አይደለሁም! ያ ወፍ እንኳ ዳሱን የሚሠራው ከፊትም ከኋላም ክፍት አድርጎ ነው፤ እኔ ክዳንና ላባውን ሳይ ይህን አላስተዋልሁም።

ብፌውን ስጎትት ብርጭቆዎቹ ተንቃጨሉ፤ አንዳንዶቹም ወድቀው ተሰበሩ። በሩ ሲከፈት ያልጠረግሁት ጓሮ ከነኮተቱ ቁልጭ አለ። ስንዱ በዚያ ወጣች። የአጥሩ ቆርቆሮ በር ሲላተም ሰማሁ።

ፈራሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መናኸሪያው ቅርብ ነው፤ ወደ ሞጣ የሚሄድ መኪናም አይጠፋም። ሮጬ ልያዛት ብዬ ተነሳሁ። እትዬ ጥሩወርቅ እኔን እኔን ያያሉ። ብሮጥስ ምን እመስላለሁ? እንደምንም ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ከብዙ ጭንቅ በኋላ የፊቱ በር ተንኳኳ። ስንዱ ናት፤ ጫማዋ ጭቃ ነክቶታል። እኔን ትታ ወደ አክስቷ አየች።

«ተከትሎኝ አልመጣም» አለች።

እትዬ ጥሩወርቅ ገና አሁን ወደ ብፌው ዞሩ። «እስቲ ከተረፉት ብርጭቆዎች በአንዱ ውኃ ስጠኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። እጃቸው እስኪደርስ ግን ግማሹን የጎረቤቴ ምንጣፍ ጠጥቶታል።