ክቡር የቁመት ሚኒስትር

የበረዶ ሆኪ ሜዳ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ የቁመት ሚኒስትር አለው። ማንም አይሾመውም፤ ደመወዝ የለውም፤ ከሥልጣን የሚያወርደውም እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከመከላከያው መስታወት ጀርባ ጥግ ይዞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ ይቆማል። ሥራው አንድ ብቻ ነው፦ ወደ በረዶው የሚገባውን ልጅ ሁሉ ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ስለት በዓይኑ ለክቶ፣ ዕድሜ ልኩን የት ቆሞ ሆኪ እንደሚጫወት መወሰን።

የእኛዋ ትንሽ የካናዳ ከተማ፣ የሬድፈርን ሚኒስትር ክቡር አቶ ኦረስት ፓንቹክ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለው የእህል ጎተራ ኃላፊ ነበሩ። ቁመታቸው ስድስት ጫማ ከአራት ኢንች ስለሆነ የካቴድራል በር ሲገቡም ጎንበስ ይላሉ። ሁለት አዋጆች አሏቸው። የመጀመሪያው «ቁመትን አሰልጣኝ አያስተምረውም» የሚል ነው። ሁለተኛውን የሚያውጁት አጭር ልጅ መሃል ላይ ተሰልፎ ባዩ ቁጥር ነው፤ ራሳቸውን በሐዘን ይነቀንቁና «ክንፍ ላይ ይሄዳል» ይላሉ።

ይህ ቀላል ፍርድ አይደለም። መሃል ላይ የሚጫወት ሰው ከባዱን ሥራ ይሸከማል። ዳኛው ፓኳን፣ ያችን ጥቁር የጎማ ክብ፣ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ሲጥላት ግንባር ለግንባር ገጥሞ የሚነጥቃት እሱ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ በገዛ ግቡ ፊት ግንድ የሚያካክሉ ሰዎችን የሚገፋም እሱ ነው። የክንፉ ተጫዋች ግን ዳር ዳሩን ይበርራል፤ ቢወድቅም የሚጎዳው ራሱን ነው። በእኛ አገር አንድን ልጅ «ክንፍ ላይ ይሄዳል» ማለት እንግዳን በትሕትና በጓሮ በር እንደ መሸኘት ነው።

የክቡርነታቸው ሥልጣን በበረዶው አጥር አይወሰንም። አዲሱ ቄስ የመጡ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ስለ ስብከታቸው ሲያወራ እሳቸው ከመቅደሱ ደጃፍ ቆመው «ደግ ሰው ናቸው፤ ግን መሃል ላይ አይቆዩም» አሉ። ቄሱ ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ሌላ ደብር ሲዛወሩ ክቡርነታቸው አንድ ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸው ግን ከስብከት ይበልጥ ነበር። በዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሠርግም ሙሽራውን ከሙሽራይቱ ትከሻ በታች ሲያዩት በሹክሹክታ የተናገሩትን ሦስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ሰምቶታል።

አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ አለባቸው። ዶሪን ስኬልተን ትባላለች፤ የሜዳውን የተጠበሰ ድንችና ቡና የምትሸጠው እሷ ናት። መስኮቷ ከክቡርነታቸው ጥግ በስተጀርባ ስለሆነ ክርክሩ እሳቸው ፊታቸውን ሳያዞሩ ይካሄዳል።

«ኦረስት! ፓኳ የምትጣለው መሬት ላይ ነው እኮ፣ ጣሪያ ላይ አይደለም!»

«መሬት ላይ የሚደፋሽም ረጅሙ ሰውዬ ነው።»

«አንተስ ያን ሁሉ ቁመት ይዘህ ምን ሠራህበት? የጎተራ አምፖል ቀየርክ!»

«ድንችሽ ዛሬ ጨው የለውም» ይላሉ ክቡርነታቸው፤ የምክር ቤቱ ጉባኤ በዚህ ይዘጋል።

እኔ ጡረተኛው መምህር ከሁለቱ መካከል ቡናዬን ይዤ እቆማለሁ። ልጆቼ አድገው ሄደዋል፤ እናታቸው ከእነሱም በፊት ሄዳለች። ወደ ሜዳው የሚወስደኝ ግማሹ ጨዋታው ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ የሰው ድምፅ ነው፤ ሰው በሰው ሲናደድ መስማት ቤት ውስጥ የማይገኝ ነገር ነው። የቀዘቀዘ ጎማና የላብ ሽታ ከቡና ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ፣ አባቴ ጓንቱን አውልቆ እጄን ወደ ኪሱ የሚከትበት ጊዜ ትዝ ይለኛል። አባቴም አጭር ሰው ነበር። ክቡርነታቸው ስለ እሱ ያወጁትን አዋጅ ግን አልጠየቅኳቸውም።

ወደ ሬሚ ጎዴ ልምጣ። ሬሚ ከማኒቶባ፣ ፈረንሳይኛ ከሚነገርበት መንደር የመጣ ልጅ ነው። በጨዋታው ዕለት በምትታደለው መጽሔት ላይ አምስት ጫማ ከዘጠኝ ተብሏል። ስለቱ ላይ ቆሞም ከሰባት እንደማያልፍ ግን ከተማው በሙሉ ያውቃል። የሚጫወተው መሃል ነው። እንደ እሱ ያሉ ልጆች ገና ለአካለ መጠን ሳይደርሱ ለከተማችን የወጣቶች ቡድን ሊጫወቱ ከቤታቸው ርቀው ይመጡና የከተማው ሰው እየተቀበለ ያሳድራቸዋል፤ ያበላል፣ ያጥባል፣ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ሬሚን የተቀበለው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ክቡር የቁመት ሚኒስትሩ ራሳቸው!

ልጁ «ጊዶ» ይላቸዋል፤ በከተማችን ያሉ የዩክሬን ተወላጆች ልጆች አያቶቻቸውን እንደሚጠሩት። በሦስተኛው ዓመት፣ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው፣ የፕሮፌሽናል ቡድኖች መልማዮች መመላለስ ጀመሩ። እኔም አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርኩ። መልማይ በሌለበት ጨዋታ ክቡርነታቸው ጥጋቸው ላይ ድምፃቸውን አጥፍተው ይቆማሉ፤ ሬሚ ፓኳን ሊነጥቅ ሲያጎነብስ ጣቶቻቸው ኪሳቸው ውስጥ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። ጥቁር ኮት የለበሰ መልማይ ላይኛው ረድፍ ላይ ሲቀመጥ ግን ጥጋቸውን ትተው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ከሰውየው ፊት ይቀመጣሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ደግ ልጅ ነው» ይላሉ፣ አጠገባቸው ላለ ባዶ ወንበር። «ግን የትልልቆቹን ክብደት አይችልም። ክንፍ ላይ ይሄዳል!»

አንድ እሑድ ለምሳ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ ፒሮጊ የሚሉት ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥና በጎመን የተጠቀለለ ሩዝ ተከምሯል።

«ብላ» አሉት ሬሚን።

«ጊዶ፣ ሊፈነዳ ነው ሆዴ።»

«ቁመቱ እምቢ ካለ ወርዱን እንሞክራለን። ብላ!»

ከምሳ በኋላ ጋራዥ ገባን። ወለሉ ላይ በበረዶ ፋንታ ነጭ ፕላስቲክ ተነጥፏል። ሬሚ ዱላውን ይዞ አጎነበሰ። ክቡርነታቸው ፓኳን ጣል አደረጉና፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ያ ትልቅ ገላ እንዳለ ልጁ ጀርባ ላይ ተጫነ።

«እንደገና!»

«ጊዶ፣ ወገብህን…»

«ወገቤ የራሴ ነው! አትግፋኝ አላልኩህም? ከእኔ ጋር ጉልበት ልትለካካ ነው? ልደገፍብህ፣ ተወኝ። ከዚያ ጥፋ!»

ልጁ ክብደቱ እስኪመጣለት ጠበቀ። ሲመጣለት ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ሹልክ አለ። ክቡርነታቸው የደገፉት በር ድንገት እንደተከፈተበት ሰው ወደ ፊት ሄደው ግድግዳው ሥር ከተደረደሩት የበረዶ አካፋዎች መካከል ወደቁ። ሮጥኩ። ከአካፋዎቹ ሥር ሳቅ ሰማሁ።

«ይኼ ነው!» ይላሉ። «አየኸው መምህር? ይኼ ነው መሃል!»

ባለቤታቸው ኦልሃ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም።

ልጁ ከእናቱ ጋር በስልክ ሊያወራ ወደ ክፍሉ ሲገባ ጠየቅኳቸው።

«መልማይ ፊት ክንፍ ነው ይላሉ። እዚህ ደግሞ መሃል ያሠለጥኑታል። ምን እያደረጉ ነው?»

የተረፈውን ፒሮጊ ወደ ሳህን ሲያዛውሩ ቆዩ። ከክፍሉ የልጁ ፈረንሳይኛ ይሰማል።

«ስንት ልጅ አልፎበታል እዚያ ክፍል» አሉ በመጨረሻ። «ረጃጅሞቹ ቶሎ ይሄዳሉ። መልማይ ይመጣል፣ በዓይኑ ይለካል፣ ይወስዳል። ለመጀመሪያው ገና ካርድ ይልካሉ፤ በቃ። ትንንሾቹ ግን ይመለሳሉ። ማን ይወስዳቸዋል? መስከረም ሲጠባ ሻንጣቸውን ይዘው በሬ ላይ ናቸው። ለዚህ ነው ቡድኑን ሁልጊዜ አጭሩን ስጡኝ የምለው።»

«ሬሚስ?»

«ዘንድሮ ውል ካላገኘ በወጣቶቹ ቡድን አንድ ዓመት ይቀረዋል። አንድ ዓመት ደግሞ እዚህ ይጫወታል።» ሳህኑን ሸፈኑት። «አንድ ዓመት ብቻ ነው የምለው፣ መምህር። ሌላማ ምን አልኩ?»

ወጣቱን ልከላከልለት፣ ሽማግሌውን ልገሥጻቸው ይገባኝ ነበር። ግን ያ ቤት ልጁ ሲወጣ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ የእኔው ቤት ነው የሚመስለው።

የመጨረሻው የሜዳችን ጨዋታ ዕለት፣ በሁለተኛው እረፍት ላይ፣ ሃልቮርሰን የሚባል መልማይ ከላይኛው ረድፍ ወርዶ ጥጋችን ድረስ መጣ። ቀጭን፣ ጆሮ ሸፋኝ ቆብ ያደረገ ሰው ነው።

«አቶ ፓንቹክ፣ ልጁ እርስዎ ዘንድ ነው የሚኖረው አሉኝ።»

«አዎ።»

«እውነቱን ልንገርዎት። ክንፍ ተጫዋች ሞልቶናል፤ እንደ እሱ ያለ ፈጣን አጭር ክንፍ በየከተማው አለ። የቸገረን መሃል ነው። እኔ መሃል ሊሆን ይችላል እያልኩ ነበር፤ አለቆቼ ግን ቁመቱን ሰምተው ይስቃሉ። እርስዎም ዓመቱን ሙሉ ክንፍ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሦስት ዓመት አብረውት ኖረዋል፤ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ክንፍ ከሆነ እኔም እዚህ ላይ ልተወው።»

ዶሪን መስኮቷ ላይ ድንች ማውጣቷን አቆመች። ክቡርነታቸው ወደ በረዶው ያያሉ። በረዶው ላይ ማንም የለም። መንጋጋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያ የለመዱት ቃል አፋቸው ውስጥ እንደደረሰ ገባኝ።

«መሃል ነው» አሉ።

«ግን ሲሉ የነበረው…»

«ዋሸሁ።»

ሃልቮርሰን ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ። «ለምን?»

«ለአንድ ሰው ፒሮጊ መቀቀል ያስጠላል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «ስማ ልጄ፣ ትልቅ ሰው ሲደገፍበት እየው። አይገፋም። ያስደግፍና ይጠፋል። እኔ እንኳ ስድስት ከአራት ሆኜ ዓመቱን ሙሉ ጋራዤ ውስጥ ይጥለኛል። ለአለቆችህም ንገራቸው፤ ክንፍ ላይ ካሰለፉት አያውቁበትም።»

ይህን ብለው ኮታቸውን ቆልፈው ወጡ። ሦስተኛውን ክፍለ ጨዋታ አላዩትም። እኔ አየሁት። የተጋጣሚያችን መሃል ተጫዋች፣ ከሬሚ በአንድ ራስ የሚበልጥ ልጅ፣ በግባችን ፊት ጀርባው ላይ ተጫነበት። ሬሚ ጠበቀ፤ ትከሻውን ዝቅ አደረገ፤ ረጅሙ ልጅ በጉልበቱ ተንበረከከ፣ ፓኳም ከሬሚ ጋር ሄደች። ላይኛው ረድፍ ላይ ሃልቮርሰን ቆሞ ነበር። ዶሪን ቡና ቀድታ፣ የራሷን ካፖርት እንኳ ሳትደርብ፣ ክቡርነታቸው መኪና ውስጥ ወደተቀመጡበት ይዛላቸው ወጣች። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስትመለስ ማንንም አልሰደበችም።

ውሉ በጸደይ መጣ። ትልቁ ሊግ አይደለም፤ ከእሱ በታች ያለው ነው። ቡድኑ ሬሚን የሚያሰልፈው እየተፈራረቁ ከሚገቡት ሰልፎች በመጨረሻው፣ በአራተኛው መስመር ነው፤ በጨዋታ ጥቂት ደቂቃ ያገኛል፤ የሚቀጥለው ዓመት ምን እንደሚያመጣ ማንም አያውቅም። ግን መሃል ነው። ክቡርነታቸው አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ ነድተው ሸኙት፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ስንዴ ዋጋ ብቻ እንዳወሩ ልጁ ነግሮኛል። መስከረም ላይ የከተማችን ቡድን ሌላ ልጅ ልስጥዎ ሲላቸው «ዘንድሮ ይቅርብኝ» አሉ።

ከዚያ ስልክ ደወሉልኝ። የሬሚ ጨዋታዎች በኮምፒውተር ይታያሉ አሉ፤ እሳቸው ደግሞ ይህን ዕቃ አይችሉበትም፤ ስለዚህ እሑድ ከሰዓት ጨዋታ ሲኖር መጥቼ ብከፍትላቸው? መጣሁ። በሚቀጥለውም እሑድ መጣሁ። ካሜራው ከሩቅ የተሰቀለ ስለሆነ የማንም ፊት አይለይም፤ እሳቸው ግን ሬሚ ከወንበር ሲነሣ ያውቁታል። የሚከፈትበትን መንገድ በየሳምንቱ አሳያቸዋለሁ፤ በየሳምንቱ ይረሳሉ።

ባለፈው እሑድ መንገዱን በረዶ ዘግቶት ዘገየሁ። በሩ ላይ ስደርስ ከውስጥ የተመልካች ጩኸትና የአስተላላፊው ድምፅ ይሰማል። አንኳኳሁ። ድምፁ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ፤ ክቡርነታቸው ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ና እስቲ፣ መምህር፣ ይኼ ማሽን ዛሬም እምቢ አለኝ። ቶሎ በል፣ ሁለት ለአንድ እየመራን ነው!»

የተናገሩትን ያወቁት ከተናገሩት በኋላ ነው። ተያየን። ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ፤ ወንበር ስቤ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩና እንዴት እንደሚከፈት ከመጀመሪያው አንሥቼ፣ ቀስ ብዬ፣ አሳየኋቸው።