ያለ ፊርማ የወጣው ትል

መሥሪያ ቤታችን በሥርዓት አይታማም። በየበሩ ‹ዝም አይነቅዝም› የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማም መልእክት ከክፍል ወደ ክፍል አያልፍም። አምና ምድር ቤቱ በእሳት በተያያዘ ጊዜ እንኳ ጥበቃው ከመጮህ ተቆጥቦ ማመልከቻ አስገባ። ፈቃዱ ሲመጣ እሳቱ የሚበላው አጥቶ በራሱ ጠፍቶ ነበር። ትዕግሥት ማለት ይኸው ነው።

ይህን ሥርዓት የደፈረችው የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ናት። የመጠጥ ውሃ ታንከራችን ውስጥ የወስፋት እንቁላል አገኘችና ለፊርማ ሳታቀርብ ‹አትጠጡ› የሚል ወረቀት ለጠፈች። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት። ወረቀቱ በአስቸኳይ ተነሣ፤ እሷም ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበች። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ቃለ ጉባኤ ያዡ እኔ ነበርኩ፤ አንጀቴን ብትበላውም እጄ መጻፉን አላቋረጠም።

ሥራ አስኪያጁ ስለ ፊርማ ክብር እየተናገሩ ሳሉ ሆዳቸውን ይዘው ብድግ አሉ፤ በሩን እንኳ ሳይዘጉ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጡ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ትል ወጣኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መድኃኒት አልወሰድኩ። ማን አስወጣው?»

ባለሙያዋ አስረዳች። የአንጀት ግድግዳ ላይ ያለች ሚጢጢ ሕዋስ ትል መኖሩን ስታውቅ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ሞለኪውሎች ወዲያው ይላካሉ። መልእክቱ የደረሳቸው ሕዋሳት ዝልግልግ ፈሳሽ ያመነጫሉ፣ የአንጀት ጡንቻ ይገፋል፣ ትሉ መያዣ አጥቶ ተጠርጎ ይወጣል።

«ሕዋሷ ማንን አስፈቅዳ?» አሉ።

«ማንንም፣ ጋሼ። ፊርማ ብትጠብቅ ኖሮ ትሉ እዚያው ጡረታ ይወጣ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔም ገባቸው ብዬ በሆዴ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ውሳኔውን አስጻፉኝ፦ ትሉ የተወገደው ‹በአመራሩ ቆራጥ ክትትል› ነው፤ ባለሙያዋ ያለ ፊርማ መልእክት በማስተላለፏ ከሥራ ተሰናብታለች። አጨበጨብን።

ንግግሩ ጉሮሯቸውን ስላደረቀው ውሃ አስመጡ። ውሃው ከየት እንደተቀዳ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ወረቀታችንን አየን። ባለሙያዋ ብቻ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመችና አፏን ከፈተች።

«ምን ልትይ ነው?» አሏት።

«በማመልከቻ አቀርበዋለሁ፣ ጋሼ» ብላ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ በመጨረሻ ሥርዓት በመማሯ ደስ ብሏቸው ብርጭቆውን እስከ ሥሩ ጨለጡት።