አብደላና ዘፋኙ ሰሃን

ዓይኑን ያጣ ሰው ሲያጋጥመን ጮክ ብለን ነው የምናወራው። ጆሮውም አብሮ የሄደ ይመስል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ አጠገቡ ቆመን ስለ እሱ ሌላውን ሰው እንጠይቃለን። «ሻይ ይጠጣል?» እንላለን፣ ባለቤቱ አፍ እያለው። ሰው ወዳድና ተጫዋች የሆነችው ድሬም ብትሆን ከዚህ አመል አልዳነችም።

አብሮ አደጌና ጎረቤቴ አብደላ በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ሁለት ዓይኑን ግንባር ላይ ትቶ ተመለሰ። ከተመለሰ ጀምሮ ከቤት አይወጣም። እናቱ አዴ መይሙና (ድሬ ውስጥ አንቱታ ከባቡሩ ስለማይወርድ አንቺ ብላት አትቀየሙኝ) ውሃውን አፉ ድረስ ታደርስለታለች። ጎረቤት ሊጠይቀው ይመጣል፣ ከንፈሩን ይመጥለታል፣ ይሄዳል። ከንፈር መምጠጥ ደግሞ ባይታይም በደንብ የሚሰማ ነገር ነው።

ያኔ ባቡሩ ከጂቡቲ የማያመጣልን ነገር አልነበረም። ሽቶ በሉት፣ ሸሚዝ በሉት፣ ቴፕ በሉት፤ አዲስ አበቤ ስሙን ሲሰማ እኛ ሰልችቶን ሌላ ይዘናል። አንድ ቀን ታዲያ የባትሪ ድንጋይ የሚበላ፣ እንደ ሰሃን ክብ የሆነ መጫወቻ መጣና ከዚራ ሰፈር፣ ጋሽ ዘውዴ ሻይ ቤት፣ ከጆተኒው ጎን ተቀመጠ። አራት ቀለም አለው። ቀዩ በርቶ ይዘፍናል፤ ትነኩታላችሁ። ቀጥሎ ቀዩና ሰማያዊው ይዘፍናሉ፤ በተራ ትነኳቸዋላችሁ። ከዚያ ሌላ ይጨምራል፣ ይፈጥናል፤ የእናንተ ሥራ ዜማውን ሳታዛንፉ በጣታችሁ መመለስ ነው። ከሳታችሁ እንደ ተቆጣ ፍየል ይጮህባችኋል። «ዘፋኙ ሰሃን» አልነው። ንጉሡ ሰሎሞን ነበር፤ ጎፈሬው የተበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ በጣቱ ፍጥነት «ፒያኖ» የምንለው ጎረምሳ። እሱን የረታ አልነበረም።

እኔ ግን ፍየሉ እንዳይጮህብኝ መለማመድ አማረኝና ጋሽ ዘውዴን ለምኜ ሰሃኑን ለአንድ ከሰዓት ወደ ሰፈር ወሰድኩት። አብደላ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጀመርኩ። ጮኸብኝ። ደገምኩ፤ ደገመኝ። አብደላ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና፣

«ቀጭኗን ነው የዘለልካት» አለኝ።

ሳይጠየቅ ሲናገር ከሰማሁት ቆይቼ ነበር። ለካ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ድምፅ አለው! እኛ ዓይናችንን አፍጥጠን መች ሰምተነው። እጁን ይዤ የአራቱን ቦታ አሳየሁት። ከዚያ በኋላ ሰሃኑን ከእጁ ያስለቀቀው የመግሪብ አዛን ነው።

ከሰሎሞን ጋር ልግጠም ያለው ራሱ ነው። ልንወጣ ስንል አዴ መይሙና በሩ ላይ ቆመች።

«ከሳቁበት ሁለተኛ ከዚህ በር አይወጣም አቦ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያኔ አንተን ነው የምጠይቀው።»

ትከሻዬን ይዞ ደረቁን የደቻቱን ወንዝ ተሻገርን። እሱ ፉጨት ያሰማል። የፈራሁት እኔ ነኝ።

ሰሎሞን መጀመሪያ እምቢ አለ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዓይኑን ግንባር የተወ ሰው ማሸነፍ ነውር መስሎት ነው። ወደ እኔ ዞሮም ይችል እንደሆነ ጠየቀኝ። አብደላ ቀደመኝና፣ ጥያቄው ስለ እሱ ከሆነ እሱኑ እንዲጠይቀው፣ መልሱም «እችላለሁ» እንደሆነ ነገረው። ወሬው ሲዳረስ ሻይ ቤቱ ለሰዉ አልበቃ አለ። ጋሽ ዘውዴ ብርጭቆዬን ሰብራችሁ ጨረሳችሁት ብሎ ጠረጴዛውን ወደ ግቢ አስወጣው። ያውም በድሬ የስድስት ሰዓት ፀሐይ።

ሰሎሞን ጀመረ። ፀሐይዋ ግን ሰሃኑ ላይ ወድቃ የበራውንና ያልበራውን አንድ አደረገችው። በእጁ ከለለ፣ ጎነበሰ፣ ዓይኑን አጠበበ። ፍየሉ ጮኸ። ቀና ብሎ፣

«በዚህ ፀሐይ መብራቱ አይታየኝም» አለ።

«እኔም አይታየኝም» አለ አብደላ፤ እጁንም ለሰሃኑ ዘረጋ።

ቀድሞ የሳቀው ሰሎሞን ነው። ከዚያ ሁላችንም ሳቅን፤ አብደላም ከእኛ ጋር። እኔ ፍርሃቴ የለቀቀኝ ያኔ ነው። ሳቁ ሲበርድ ዜማው ጀመረ። እየረዘመ ሄደ፤ ጣቶቹ ተከተሉት። ፈጠነ፤ አልቀሩም። ከሰሎሞን አለፈ፤ ማንም ከደረሰበትም አለፈ። ዙሪያውን ብመለከት የግቢው ሰው ሳያውቀው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። በመጨረሻ ሰሃኑ የሚጨምረው ቢያጣ የድል ዜማ አሰማ፤ እንዲህ ያለ ዜማ እንዳለውም ያን ቀን አወቅን። ፀሐይ ረዳችው እንዳይባል አብደላ ራሱ ጠረጴዛው ወደ ጥላ ይመለስ አለና ተደገመ። በጥላውም ረታ። ሰሎሞን ክንዱን ይዞ ሁልጊዜ ራሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ የከዚራ ጎረምሳ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ መጫወት ጀመረ። ጋሽ ዘውዴ በየጠረጴዛው የሚደፋ ሻይ እየወለወለ ሲራገም ከረመ። አብደላም ዱላ ቆርጦ ብቻውን ደቻቱን መሻገር ለመደ።

አዴ መይሙና ምርቃት ታወርድልኛለች ብዬ ስሄድ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ይህ ልጅ ቤት ጠልቷል፣ ለምሳ እንኳ አላገኘውም፣ አበላሸህብኝ ብላ ወረደችብኝ። እየተነጫነጨችም ምሳውን ቋጥራ አስያዘችኝ፤ ከዚራ እንዳደርስለት። ምን ይደረግ፣ ተሸክሜ ሄድኩ።