የተላጨ ራስ፣ የታሰረ ጫማ

ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው ይባላል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የማውቀው ነው። ዜና ስጽፍ ከኖርኩበት ዘመን የተረፈኝ ልማድ ቢኖር፣ ሌላው ተሳፋሪ በመስኮት ሲያይ የሰው ጫማ ማየት ነው።

ያን ቀን ጋሽ ተስፋሚካኤልን ጋሉስ በሚባለው ሰፈር ወዳለው የዓይን ሐኪም በከተማ ባቡር እየወሰድኳቸው ነበር። አማርኛን ከልጅነታቸው የተማሩ ኤርትራዊ ናቸው፤ እዚሁ ጀርመን፣ ሆኽስት በሚባለው ፋብሪካ ኬሚካል ሲቀምሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። «ቴርሚኔ፣ ቀጠሮዬ እንዳያልፍ!» እያሉ ከማለዳ ጀምሮ አጣድፈውኛል።

ግሪስሃይም የሚባለው ፌርማታ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ገብቶ ፊት ለፊታችን ተቀመጠ። ራሱ የተላጨ፣ ሱሪው ወደ ላይ የታጠፈ፣ ቡትስ ጫማው ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ።

ታሪኩን አውቀዋለሁ። ስኪንሄድ የሚባለው የራስ ተላጮች ነገር በፈረንጆቹ ስድሳዎቹ መጨረሻ ለንደን ላይ ሲጀመር፣ የላብ አደር ልጆች ፀጉራቸውን አሳጥረው ከጃማይካ ስደተኛ ልጆች ጋር በጃማይካ ሙዚቃ የሚጨፍሩበት ነበር። ዘረኞቹ ኋላ መጥተው ራሱንም ጫማውንም ወረሱት። ጀርመን ሁለቱም አሉ፤ ጥቁር የሚደበድበውም፣ ደብዳቢውን የሚጠላውም። ከሩቅ አይለዩም። ነጭ የጫማ ክር የክፉዎቹ ነው ይላሉ። የሰውዬው ክር ነጭ መሰለኝ፤ ወይም ያደፈ ቢጫ።

እኔ ክሩን ሳጣራ ጋሽ ተስፋሚካኤል ወደ ሰውዬው ጠጋ አሉ። ለእሳቸው የሚታያቸው ራሱ ብቻ ነው። በድሮው ልማድ ደግሞ ራሱን የሚላጭ ሐዘንተኛ ነው። በፋብሪካ ጀርመንኛቸው፣ «ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ። ማን ሞተብህ?» አሉት።

ክርናቸውን ያዝኩ። የአደጋ ፍሬኑ የት እንዳለም አየሁ።

ሰውዬው ራሱን ዳሰሰ። «ማንም። ፀጉሬ ነው የሞተው» አለ። «በወጣትነቴ እኔ ላጨሁት፤ አሁን በራሱ ጊዜ ሄደ።»

«ጫማውስ?» አልኩት እኔ።

«እሱ ገና በሕይወት አለ።»

ጃኬቱ ላይ የዳማ ሰሌዳ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ባጅ ተሰክቷል፤ ጥቁርና ነጭ አብሮ ይጨፍር የሚሉት ሰዎች ምልክት። ጫማ ስመረምር ደረቱን አላየሁም።

ስንወርድ፣ «አንተ ጋዜጠኛ፣ ክርኔን ልትገነጥለው ነበር እኮ» አሉኝ።

«ከክፉዎቹ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ክፉ ሰው እናቱ አትሞትም?»

የነበረኝ መረጃ ስለ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ስለ ቀጣዩ ምንም አይልም።

ሞራው ከተገፈፈላቸው በኋላ ትንሽ ተረጋጋሁ። አሁን እንኳ ራሳቸው ያያሉ። ለክትትል ስንሄድ ሌላ የተላጨ ራስ በባቡሩ በር አጠገብ ቆሟል።

«ጋሽ፣ ክሩን አዩት?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አይቼዋለሁ፤ ነጭ ነው» አሉና ወደ እሱ ሊሄዱ ተነሡ።

እኔም ተነሣሁ። ምን ላድርግ፤ ክርናቸውን ይዣለሁ።