የአቃቂው ኮምፒውተር ብራዚል ገባ

ፀሐዩ፦ ስምንት ሰዓት? ቁርሴ እኮ ገና ከጉሮሮዬ አልወረደም!

ዘአማኑኤል፦ ኮምፒውተሩ ስምንት ካለ ስምንት ነው።

ፀሐዩ፦ እና ምሳ ተበልቷል? የኔን ማን በላልኝ?

(ቦታው አቃቂ፣ ከአስፋልቱ ዳር ያለች የኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ቤት ናት። ባለቤቷ ዘአማኑኤል ኮርስ ወስዶ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፈ ኮምፒውተር ማዘዝ ተምሯል። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር አያወራም፣ ያስተምራል እንጂ። ፀሐዩ ደግሞ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ እዚያው የሚያረፍድ ጓደኛው ነው፤ የነገሩትን ሁሉ ያምናል፣ የዋህ ነው ምስኪን። ዛሬ ግን ቀልድ የለም። ዘአማኑኤል ቂሊንጦ ካለ አንድ ፋብሪካ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠርቷል፤ በቪዲዮ ነው። ጎረቤቱ ሀይረዲን ከልብስ ሱቁ ኮት አውሶታል፤ የዋጋው ወረቀት ክንዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ፀሐዩ ጓደኛው ይህን ሥራ እንዲያገኝ ከራሱ ከዘአማኑኤል በላይ ጓጉቷል።)

ዘአማኑኤል፦ የፈረንጅ ስምንት ነው፣ ወንድሜ! ስድስት ቀንስ።

ፀሐዩ፦ ከምኑ ላይ?

ዘአማኑኤል፦ ከስምንቱ ላይ!

ፀሐዩ፦ ሁለት። ታዲያ ሁለት ነው አትለኝም? ምን በጠዋቱ ሂሳብ ውስጥ ትከተኛለህ?

ዘአማኑኤል፦ በቃ፣ ለአንተ ስል ኮምፒውተሩ ራሱ በሀበሻ እንዲቆጥር አደርገዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ መቀነስ ቀረ! እይና ተማር። (ጥቁሩን ስክሪን ይከፍታል።)

ፀሐዩ፦ ውይ፣ ተበላሸ!

ዘአማኑኤል፦ አልተበላሸም፣ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ "ሱዶ" ብዬ እጽፋለሁ።

ፀሐዩ፦ ሱዶ ማነው?

ዘአማኑኤል፦ ሰው አይደለም! "እኔ አለቃ ነኝ" እንደማለት ነው። ከፊት ሱዶ ካልክ፣ ወደደም ጠላም ይታዘዝሃል። ፓስወርድ ብቻ ይጠይቅሃል።

ፀሐዩ፦ ለትራፊክ ፖሊስም ይሠራል?

ዘአማኑኤል፦ ለኮምፒውተር ብቻ ነው! ይኸው፣ ሰዓቱን ሁለት ከሃያ ብዬ ሞላሁት። እንተር! አየህ?

ፀሐዩ፦ አየሁ፣ አየሁ! ሁለት ከሃያ… ኧረ ተመለሰ። ስምንት ከሃያ ይላል።

ዘአማኑኤል፦ ምን? (ደግሞ ይሞክራል። ደግሞ ይመለሳል።) አሃ… ገባኝ። ሰዓቱን ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው አለ። እኔ ስለውጥ እሱ ይመልሰዋል።

ፀሐዩ፦ (ኮፍያውን አውልቆ ቀና ይላል) እንግዲያማ ተው፣ አንተ ልጅ። ከሱ ጋር አትታገል።

ዘአማኑኤል፦ ኢንተርኔቱን ነው ያልኩህ! ኮፍያህን አድርግ። ሰዓቱን አትንካ ካለኝ፣ ዞኑን እቀይርበታለሁ።

ፀሐዩ፦ ዞን? ማን ታሰረ?

ዘአማኑኤል፦ ማንም አልታሰረም!

ፀሐዩ፦ የአጎቴ ልጅ ቃሊቲ እያለ ስንቅ ሳመላልስለት፣ በር ላይ "ዞን ስንት?" ነበር የሚሉኝ።

ዘአማኑኤል፦ የሰዓት ዞን ነው የምልህ! አገር ሁሉ የየራሱ ዞን አለው።

ፀሐዩ፦ እንዲያ በለኛ! እንደ ስልጤ ዞን። የሀይረዲን አገር እኮ እዚያ ነው። ሰዓታቸው ከኛ ይለያል እንዴ?

ዘአማኑኤል፦ ከኛ የሚለየው ያንተ ጭንቅላት ነው። ዝም ብለህ ስማ። (እየጻፈ ጮክ ብሎ ያነባል።) ሱዶ… ታይም… ዴት…

ፀሐዩ፦ ዴት አለህ?

ዘአማኑኤል፦ …ሲቲኤል… ሴት…

ፀሐዩ፦ ከሴት ጋር ነዋ! በቃለ መጠይቅህ ቀን?

ዘአማኑኤል፦ …ታይም ዞን።

ፀሐዩ፦ (ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ) ሴት ዞን! ወይኔ ወንድሜን! ለካ የታሰረችው እሷ ናት! አይዞህ፣ ስንቁን እኔ አመላልሳለሁ፤ አንተ ብቻ ዛሬን እሷን እርሳት።

ዘአማኑኤል፦ ሴትም የለችም፣ ዴትም የለም! "ሴት" ማለት በእንግሊዝኛ አስተካክል ማለት ነው!

ፀሐዩ፦ እኔ ቤት ደግሞ "አስተካክል" የምትለው ሴቷ ናት።

ዘአማኑኤል፦ ኧረ በፈጠረህ! አሁን ከኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ አገር ልፈልግ… እስያ አይሆንም… አገኘሁ! ብራዚል! ሳኦ ፓውሎ! እንተር!

(ሰዓቱ ሁለት ከሃያ አምስት አለ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ጠበቁ። አልተመለሰም።)

ዘአማኑኤል፦ ቁጭ! ማን አለ እንደኔ! አሁን ይሄ ኮምፒውተር ብራዚል ያለ ነው የሚመስለው።

ፀሐዩ፦ (ኮምፒውተሩን ዞሮ ከጀርባው ያያል) ሳያየን ሄደ?

ዘአማኑኤል፦ የትም አልሄደም! እነሱ ጋ አሁን ሌሊት ነው፣ በፈረንጅ ሁለት። እኛ ጋ ጠዋት ነው፣ በሀበሻ ሁለት። ገጠመ አይደል?

ፀሐዩ፦ ሰዓታቸውን ስንወስድባቸው ዝም ይሉናል?

ዘአማኑኤል፦ ተኝተዋል አልኩህ።

ፀሐዩ፦ ሲነቁስ?

ዘአማኑኤል፦ ሲነቁ አስብበታለሁ! አሁን የፋብሪካውን ኢሜይል ልክፈተው። "ቀጠሮዎን ለማየት ይህን ይጫኑ፤ ሰዓቱ በእርስዎ ኮምፒውተር ሰዓት ተቀይሮ ይታያል።" ተጫንኩት… ዘጠኝ ሰዓት!

ፀሐዩ፦ እሰይ፣ ዘጠኝ። እስከዚያ ጥቂት ሰው አመላልሼ እመጣለሁ።

ዘአማኑኤል፦ ወዴት ነው! የፈረንጅ ዘጠኝ እኮ ነው! ከዘጠኝ ላይ ስድስት ሲቀነስ?

ፀሐዩ፦ መቀነስ ቀረ አላልከኝም?

ዘአማኑኤል፦ ሦስት ነው! ሦስት ሊሆን ምን ቀረው! ከረባቴ! ከረባቴ የታለ?

ፀሐዩ፦ አንገትህ ላይ ነው። ቆይ ግን፣ ኮምፒውተሩ ሀበሻ ሆኗል አላልክም? ዘጠኝ ያለውም ያው እሱ ራሱ አይደል እንዴ?

ዘአማኑኤል፦ ሀበሻ የሆነው ሰዓቱ ነው፣ ቀጠሮው ግን ፈረንጅ ነው! ፀሐዩ፣ በናትህ፣ አንተ ባጃጅህን ንዳ፤ ቴክኖሎጂውን ለባለቤቱ ተው።

(ሦስት ሰዓት ሆነ። ዘአማኑኤል ካሜራው ፊት ጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቆ ተቀምጧል። ላብ ኮቱን እንዳይነካው ክንዶቹን ከጎኑ አርቋቸዋል። የሚደውል የለም። ሩብ ሰዓት አለፈ፣ ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ ኧረ ማንም የለም።)

ፀሐዩ፦ ምናልባት ዘጠኝ ሲሆን…

ዘአማኑኤል፦ ዘጠኝህን ይዘህ ገደል ግባ! ናቁኝ ማለት ነው። የአቃቂ ልጅ ነው ብለው ናቁኝ! (ቁልፎቹን እየደበደበ ይጽፋል።) "ሰዓት የማያከብር ድርጅት፣ ሠራተኛ መቅጠር ቀርቶ ፍየል መጠበቅ አይችልም!"

ፀሐዩ፦ ፍየሏን እንኳ አውጣት።

ዘአማኑኤል፦ ፍየሏ ትቆያለች! ላክሁት!

(ፀሐዩ የባጃጁን ቁልፍ አነሳ። ይህ ልጅ ስለዚህ ሥራ ሲያወራ፣ ሲያልም፣ ባዶ ወንበር ፊት ቁጭ ብሎ መልስ ሲለማመድ አይቶታል። "ተሳስተሃል" ሊለው ፈለገ፤ ግን እሱ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃል? ከፍቶት ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

ከምሳ በኋላ ነው። ኮቱ ሀይረዲን ሱቅ ተመልሶ ተሰቅሏል። ዘአማኑኤል በካናቴራ ሆኖ ፎቶ ኮፒው ማሽን ላይ ራሱን ደፍቷል። ፀሐዩ ፊቱን ታጥቦ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ የሠርጉን ሸሚዝ ለብሶ ገባ።)

ዘአማኑኤል፦ ምነው፣ ለቅሶ አለብህ?

ፀሐዩ፦ ቃለ መጠይቅ አለብን። ዘጠኝ ሊሆን ነው።

ዘአማኑኤል፦ አንተ ሰው አማርኛ አትሰማም? አለቀ እኮ! ጠዋት ነበረ፣ ቀረ፣ ተሰደበ፣ አለቀ!

(ኮምፒውተሩ ጮኸ። ፀሐዩ ስልክ መስሎት ያገኘውን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ መነጽር ያደረጉ ሴትዮ ብቅ አሉ፤ የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሮ አሰለፈች ናቸው።)

ወይዘሮ አሰለፈች፦ ጤና ይስጥልኝ። ልክ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰዓት እናከብራለን። ካስፈለገም ፍየል እንጠብቃለን።

(ዘአማኑኤል ጠረጴዛው ሥር ገባ። ፀሐዩ በካናቴራው አንገት ጎትቶ አወጣው።)

ዘአማኑኤል፦ እትዬ… ማለቴ ወይዘሮ… የጠዋቱን እኔ አይደለሁም፣ ቫይረስ ነው!

ወይዘሮ አሰለፈች፦ ስድቡስ ይሁን። ግን ቀጠሮውን የከፈቱበት ኮምፒውተር ያለው ብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ነው ይላል። እኛ የምንፈልገው የፋብሪካውን ኮምፒውተሮች ሰዓት የሚጠብቅ፣ የፈረቃ ደወል ሲሳሳት ቶሎ የሚደርስልን የሠፈር ሰው ነው። እርስዎ ከብራዚል ቂሊንጦ እንዴት ሊመላለሱ ነው?

(ዘአማኑኤል ተመልሶ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ጠዋት ሙሉ ሲያስተምር የዋለ ሰው! ፀሐዩ ካሜራው ፊት ዘው አለ።)

ፀሐዩ፦ እመቤቴ፣ ልጁ አቃቂ ነው ያለው! ብራዚል የገባው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው! እሱም እኔ መቀነስ ስላቃተኝ፣ ለኔ ብሎ ነው የላከው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አይፍረዱበት!

ወይዘሮ አሰለፈች፦ እርስዎ ደግሞ ማን ነዎት?

ፀሐዩ፦ ፀሐዩ እባላለሁ። ባጃጅ ነጂ ነኝ።

ወይዘሮ አሰለፈች፦ ቀጠሮው ስንት ሰዓት እንደሆነ በምን አወቁ?

ፀሐዩ፦ ዘጠኝ ይላል፣ በዘጠኝ መጣሁ። ሌላ ምን አለው?

(ወይዘሮ አሰለፈች መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ፀሐዩ የሚያለቅሱ መስሎት ደነገጠ፤ ለካ ሳቅ ነው!)

ወይዘሮ አሰለፈች፦ አቶ ዘአማኑኤል፣ ኮምፒውተርዎን ከብራዚል ይመልሱና ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት በአካል ይምጡ፤ እንፈትንዎታለን። አቶ ፀሐዩ፣ አደራ፣ እርስዎ ያምጡልን። ብቻቸውን እንዳይለቋቸው።

(ስክሪኑ ጠፋ። ሁለቱ ተቃቅፈው ዘለሉ፤ ፎቶ ኮፒው በድንጋጤ አንድ ባዶ ወረቀት ተፋ። ከዚያ ዘአማኑኤል ድንገት ቆመ።)

ዘአማኑኤል፦ ቆይ… ሦስት ያሉት የሀበሻ ነው የፈረንጅ? የፈረንጅ ከሆነ ዘጠኝ ነው… ከዘጠኝ ላይ ስድስት ስቀንስ… በብራዚል ከሆነስ? ብራዚሎች አሁን ነቅተዋል…

ፀሐዩ፦ (የባጃጁን ቁልፍ እያሽከረከረ) ዘአማኑኤል።

ዘአማኑኤል፦ አቤት።

ፀሐዩ፦ ሱዶ ዝም በል።

(ዘአማኑኤል ፓስወርድ እንኳ ሳይጠይቅ ዝም አለ።)