መምህር ገድሉና የጀልባው ሜሞሪ

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰብሳቢ አይጠፋም። ሥራውን የጨረሰ ዕቃ ቦታ ይዞ ሲያይ የሚያመው ሰው ማለት ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ የበራ መብራት ያጠፋል፤ ትንሽ ከዘገዩበትም ሻይዎን ሳይጨርሱ ብርጭቆዎን ይዞት ይሄዳል። አገር የቆመው በእንዲህ ያሉ ሰዎች ነው፤ አብሮ መሥራቱ ነው ጭንቁ።

የፔዳ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ ሰብሳቢ ክቡር መምህር ገድሉ ናቸው። ረዳታቸው እናትዓለም ሥራ በጀመረች ሰሞን ምሳዋን እየበላች ሳህኗን ተነጥቃለች። «ጨረስሽ?» ይላሉ፤ መልስ ግን አይጠብቁም። አንድ ባልደረባቸው ሲዳር ሙሽሮቹን ለመቀበል እልል እያለ የተነሣው ዕድምተኛ ዞር ቢል፣ ግማሹ ወንበር ተነባብሮ ግድግዳ ተጠግቷል። የሙሽራዪቱ አባት ዛሬም ሰላም አይሏቸውም።

ይህ ዐመላቸው ግን እንጀራቸውም ነው። የሚያስተምሩት ስለ ኮምፓይለር ነው፤ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ማሽን ወደሚገባው ቋንቋ ስለሚመልሰው ተርጓሚ። ፕሮግራም ሲሠራ ከመሣሪያው ሜሞሪ፣ ከማስታወሻው፣ ቦታ እየጠየቀ ይወስዳል፤ ሲጨርስ መልቀቅ አለበት። ሳይለቅ የረሳው እየተከማቸ ሲሄድ መሣሪያው ይታፈንና ዝም ይላል።

እናትዓለምን እንቅልፍ የነሣትም ይኸው ነበር። ምእመናንን ወደ ሐይቁ ገዳማት የሚያመላልሱት ጀልባዎች የት እንደደረሱ ለወደቡ የሚናገር ትንሽ መሣሪያ ተገጥሞላቸዋል። ጠዋት ደኅና ይናገራል፤ ከቀትር በኋላ፣ ልክ ነፋሱ ሲነሣ፣ ድዳ ይሆናል። ፕሮግራሙ ብዙ እጅ የገባበት ስለሆነ እዚህ ስትደፍነው እዚያ ያፈሳል። ቢቸግራት ሰፊ ሜሞሪ ያለው መሣሪያ ይገዛ አለች።

መምህሩ እንደ ስድብ ቆጠሩት። «ለዝርክርክ ሰው ሰፊ ቤት ምን ይረባዋል?» አሏት። ከዚያም ኮምፓይለሩን እንደ ቆሎ ተማሪ ይዘው ያስጠኑት ገቡ። የጀልባው መልእክት ከተላከ በኋላ ማንም የማይፈልገውን ነገር እየለየ፣ ሥራው ሲያልቅ በራሱ በሚለቀቅ ጊዜያዊ ቦታ እንዲያኖረው፤ ተወስዶ ምንም ሳይሠራበት የሚመለሰውን ደግሞ ከነጭራሹ እንዳይጠይቅ አደረጉት። እናትዓለም ሳህኗ ትዝ እያላት፣ ገና የሚፈለገውን ቢለቅብንስ ብላ ፈርታ ነበር። መምህሩ ግን እዚህ ላይ ሌላ ሰው ሆኑባት። ቅንጣት ጥርጣሬ ካለ «ይቆይ፤ አትንኪው» ነው መልሳቸው። ያን ትዕግሥት ምሳ ቤት የት ጥለውት እንደሚገቡ እግዜር ይወቅ።

የሙከራው ቀን ሲደርስ ራሳቸው ሊሳፈሩ ተነሡ። የአንበሳሜ ገበሬ ልጅ ናቸው፤ ዋና አይችሉም፤ ወደ ዓባይ ማዶ ሲሻገሩ እንኳ ወንዙን ላለማየት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እናትዓለም ሌላ ሰው ይሂድ ብትላቸው አልሰሟትም። «እኔ ያልተሳፈርሁበትን ምእመን ይሳፈርበት?»

ከቀትር በኋላ፣ ከገዳም ሲመለሱ፣ የተሳፈሩባት የባለጀልባው የአስናቀ ጀልባ ሞተሯ ጠፋ። ነፋሱ ተነሥቷል። ወደብ ላይ የቀረችው እናትዓለም በኮምፒውተሯ ላይ ጀልባዋን የምታሳየው ነጥብ ከመንገዷ ስትወጣ አየች። የመምህሩ ስልክ አይነሣም፤ የአስናቀም አይነሣም። ድሮ ቢሆን ነጥቧም በዚህ ሰዓት ጠፍታ ነበር። አሁን ግን ወዲያ ተገፋች፣ ወዲህ ተገፋች እያለች መናገሯን አልተወችም። ሌላ ጀልባ ነጥቧን እየተከተለ ወጣ፤ እናትዓለምም ስልኩን ይዛ ግራ፣ ቀኝ እያለች መራችው። ምሽቱ ሳይጨልም ተሳፋሪው ሁሉ ተጎትቶ ገባ።

መምህር ገድሉ ከላይ እስከ ታች በስብሰው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ወረዱ። እናትዓለም መሣሪያው እኮ ዝም አላለም ብትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ መሣሪያው አላሰብሁም። አጠገቤ አንዲት እናት ኪዳነ ምሕረትን ሲለምኑ እኔም አብሬ ለመንሁ» አሏት። ቀጥለውም ጥግ ሄደው አስታወኩ። በማግስቱ ግን፣ ሞተሩ ተጠግኖ ጀልባዋ ስትነሣ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው እንደገና ተሳፈሩ።

ዛሬም በፔዳ ሻይ ቤቶች የመምህሩ ወሬ አያልቅም። ያ የሠርግ ወንበር ሲነሣ እናትዓለም ከሁሉ በላይ ትስቃለች። አንድ አዲስ መምህር ግን ሳቁን ንቀት መስሎት «ለመሆኑ ሰውየው ደኅና ናቸው?» ቢላት ሳቋን ቆረጠችው።

«እኔ እስቅባቸዋለሁ» አለችው። «እናቴን ወደ ገዳም የምሰዳት ግን እሳቸው ባዩት ጀልባ ነው።»